«ዘላቂ»ን በቦታው መጠቀም፦ ለጸሐፊዎች፣ ለአርታዒዎችና ለተርጓሚዎች የቀረበ መመሪያ

በቢሮ ደብዳቤ፣ በዜና፣ በፕሮጀክት ሰነድና በውል ጽሑፍ ውስጥ «ዘላቂ» የሚለው ቃል ያልገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሰላሙ ዘላቂ፣ መፍትሔው ዘላቂ፣ ልማቱ ዘላቂ፣ ገበያው ዘላቂ፣ አንዳንዴም ሠራተኛው ሳይቀር ዘላቂ ይባላል። ቃሉ ራሱ እንከን የለበትም። ስህተቱ የሚመጣው «ቋሚ»፣ «የማያቋርጥ»፣ «ዘላለማዊ» እና «የረጅም ጊዜ» ተካፍለው የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ ብቻውን እንዲሸከም ሲደረግ ነው። ሁሉም ስለ ጊዜ ርዝመት የሚናገሩ ስለሚመስሉ አንዱን በሌላው መተካት ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ወደ ሥራ ውል፣ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሰውንም ያሳስታል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር አንድን ዓረፍተ ነገር ይዞ ትክክለኛውን ቃል ደረጃ በደረጃ ለመምረጥ የሚረዳ ነው።

አንደኛ፦ ከግሱ ይነሡ

«ዘላቂ» ከ«ዘለቀ» የወጣ ቅጽል ነው። «ሰበረ» ብሎ «ሰባሪ»፣ «ነገረ» ብሎ «ነጋሪ» እንደሚባለው ሁሉ «ዘለቀ» ብሎ «ዘላቂ» ይላል፤ በ«ዘለቀ» ላይ ጠብቆ የሚነበበው «ለ» በ«ዘላቂ» ላይ ላልቶ ይነበባል። የግሱን ፍች ለመረዳት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ የሰውን አፍ መስማት ይበልጣል። በር ላይ የቆመን እንግዳ ባለቤቱ «ዝለቁ፣ ዝለቁ ወደ ውስጥ» ይለዋል። ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ሲገባ «ዘልቆ ገባ» ይባላል። ተማሪው የተነገረው ነገር አልገባው ሲል «አልዘልቅ አለው» ይባላል። ጎተራ ውስጥ ያለው እህል እስከ መስከረም የሚያደርስ ከሆነ «ክረምቱን ያዘልቀናል» እንላለን፤ ደመወዝ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅ ደግሞ «አላዘለቀኝም»።

በእነዚህ አባባሎች ሁሉ አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ እሱም ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ፣ በመካከል ያለውን መሰናክል አልፎ፣ ሳይቋረጥ ወዲያኛው ጫፍ መድረስ ነው። ስለዚህ «ዘላቂ» ስንል «ረጅም» ማለታችን ብቻ አይደለም። ነገሩ በመንገዱ ላይ የሚፈትነው ችግር እንዳለ፣ ያንን ችግር ደግሞ በራሱ ጥንካሬ እንደሚያልፈው ጭምር መናገራችን ነው። ለሙሽሮች «ፍቅሩን ያዝልቅላችሁ» ተብሎ የሚመረቀው፣ አዲስ ቤት ወይም ሥራ ላገኘ ሰው «ያዝልቅልህ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ መራቂው የሚያስበው የዓመታቱን ቁጥር ሳይሆን በመካከል የሚመጣውን ነገር ነው። ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ሰዎችም «አንዛለቅም» ይባባላሉ። ያልታሰበበት አካሄድ ሲነቀፍ ደግሞ «ይህ አያዛልቅም» ይባላል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው። ሊጽፉ ባሰቡት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዘላቂ» የሚለውን አውጥተው በ«የሚዘልቅ» ይተኩት። «የሚዘልቅ ሰላም» ያስኬዳል፤ ሰላም የሚፈተን ነገር ነውና። «የሚዘልቅ መፍትሔ» ያስኬዳል። «የሚዘልቅ አድራሻ» ግን ጆሮ ይጎረብጣል፤ አድራሻ የሚቆም ወይም የሚለወጥ እንጂ የሚዘልቅ ነገር አይደለም። የጎረበጠ ከሆነ ሌላ ቃል መፈለግ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። «ዘላቂ» ሁልጊዜ የመልካም ነገር ቅጽል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በሥራ ላይ የሚደርስን የአካል ጉዳት ጊዜያዊ እና ዘላቂ ብሎ ይለያል፤ ዘላቂውንም ከፊል እና ሙሉ ብሎ ይከፍለዋል። ቃሉ በዚህ ቦታ ተስፋን አያመለክትም፤ ጉዳቱ ከሕክምናው በኋላም አብሮ እንደሚዘልቅ ይናገራል። በንግግር «ዘላቂ» ሲሉት ምርቃት የሚመስለው ቃል በካሣ ጥያቄ ላይ ሌላ ክብደት ስለሚኖረው፣ ሕጋዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው የሕጉን ቃል እንዳለ መውሰድ አለበት።

ሁለተኛ፦ ተቃራኒውን ይፈልጉ

ሁለት ቃላት አንድ መስለው ሲያስቸግሩ ተቃራኒዎቻቸውን ማየት ብዙውን ጊዜ ያለያያቸዋል። የ«ዘላለማዊ» ተቃራኒ «ኃላፊ» ወይም «አላፊ ጠፊ» ነው። የ«የማያቋርጥ» ተቃራኒ «የተቆራረጠ» ወይም «አልፎ አልፎ የሚሆን» ነው። የ«ዘወትር» ተቃራኒ ደግሞ እንደ አገባቡ ይለያያል፤ ልብስ ሲሆን «የክት» ነው፤ የዘወትር ልብስና የክት ልብስ እንደምንለው። ይህም «ዘወትር» ስለ ርዝመት ሳይሆን ስለ ድግግሞሽ የሚናገር ቃል መሆኑን ያሳያል፤ «የዘወትር ጸሎት» ቀን በቀን የሚደገም ጸሎት እንጂ የማያልቅ ጸሎት አይደለም።

አስቸጋሪው «ዘላቂ» እና «ቋሚ» ሁለቱም «ጊዜያዊ» የሚል አንድ ተቃራኒ መጋራታቸው ነው። ግራ መጋባቱ በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ቀጣዩ ደረጃ ሰፋ ብሎ ቀርቧል።

ሦስተኛ፦ የሚናገሩት ስለ ጽናት ነው ወይስ ስለ ደረጃ?

«ቋሚ» ከ«ቆመ» የመጣ ነው። ቤት ሲሠራ ቀጥ ብሎ የሚተከለው እንጨት ቋሚ፣ በእሱ ላይ የሚጋደመው አግዳሚ ይባላል። በእግር ኳስ ከመጀመሪያው የሚሰለፈው ተጫዋች ቋሚ ተሰላፊ፣ ወንበር ላይ የሚጠብቀው ተቀያሪ ነው፤ ቋሚ የተባለው በ20ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ሊወጣ ይችላል፣ ቋሚነቱ ግን በዚህ አይሰረዝም። ቃሉ የሚናገረው ስለ ቦታ፣ ስለ ደረጃና ስለ ማዕረግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተቋቁመው ጉዳዩ ሲያልቅ ከሚበተኑት ኮሚቴዎች የሚለዩት በዚህ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና ቻይና ቋሚ አባላት ሲሆኑ፣ የቀሩት 10 አባላት ለ2 ዓመት እየተመረጡ ይፈራረቃሉ። እነዚህን አምስት አገሮች «ዘላቂ አባላት» ማለት ስለ ጽናታቸው መመስከር ይሆናል፤ የተፈለገው ግን ወንበራቸው ለምርጫ የማይቀርብ መሆኑን መግለጽ ነው።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ 20 ዓመት የኖረች ኢትዮጵያዊት ኢቃማዋን እያሳደሰች እስከኖረች ድረስ ኑሮዋ ረጅም ነው፣ ሥራዋም ሊዘልቅ ይችላል፤ ፈቃዷ ግን ቋሚ አይደለም። በዲቪ ዕጣ ደርሶት ትናንት አሜሪካ የገባው ወጣት ደግሞ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ቢሆንም በሕግ ቋሚ ነዋሪ ነው። ስለዚህ «ቋሚ» የቀን ቁጥር አይደለም። ረጅም ጊዜ የቆየ ነገር ሁሉ ቋሚ አይሆንም፣ ቋሚ የተባለም ነገር ሁሉ ረጅም ጊዜ አይቆይም።

በሥራ ውልም እንዲሁ ነው። በንግግር «ቋሚ ሠራተኛ» የምንለውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያስረዳው «ላልተወሰነ ጊዜ» በተደረገ የሥራ ውል ነው፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። «ዘላቂ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ አመልካች ምን እንደሚረዳ ያስቡ፤ ቶሎ ሥራ የማይለቅ ሰው እንደሚፈለግ ነው የሚገባው። አሠሪው ሊል የፈለገው ግን ውሉ ቋሚ መሆኑን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከሠራተኛው የሚጠበቅ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው አሠሪው የሚገባው ግዴታ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ግዴታው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው መዞሩን ልብ ይሏል።

«በጣም» የሚለውን ጨምሮ መሞከርም ይረዳል። «በጣም ዘላቂ መፍትሔ» ወይም «ከዚያኛው ይልቅ ይበልጥ ዘላቂ የሆነ» ማለት ይቻላል፤ ጽናት መጠን አለውና። «በጣም ቋሚ ኮሚቴ» ወይም «ይበልጥ ቋሚ ነዋሪ» ግን አይባልም፤ ደረጃ ወይ አለ ወይ የለም።

ሁለቱ ቃላት አብረው የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት በርዕሱ ውስጥ ሁለቱን ሐሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ግጭቱ በቋሚነት እንዲቆም፣ ሰላሙም ዘላቂ እንዲሆን ይላል። ተኩስ ማቆም በፊርማ የሚጸና ደረጃ ስለሆነ «ቋሚ» ይመጥነዋል። ሰላም ግን በፊርማ ማግሥት በሚመጡት ዓመታት ውስጥ ማለፍ ያለበት ነገር ስለሆነ «ዘላቂ» ይገባዋል። ቃላቱ ቦታ ቢቀያየሩ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው አይፈርስም፤ ሐሳቡ ግን ይዛባል።

በነገራችን ላይ «ጊዜያዊ» የሚለውም ቃል ዓላማን እንጂ ርዝመትን አይናገርም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው መንግሥት «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» የሚለውን ስም ይዞ 13 ዓመት ያህል ቆይቷል።

አራተኛ፦ መካከሉ ክፍተት አለው ወይ?

የሕገ መንግሥቱን ሁለት ቦታዎች ማነጻጸር ለዚህ ደረጃ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። መግቢያው «ዘላቂ ሰላም» ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ስለ ልማት መብት ሲናገር «የማያቋርጥ እድገት» የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። ዛሬ በልማት ሰነዶች ሁሉ «ዘላቂ ልማት» የሚባለውን ሐሳብ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በሌላ ቃል ገልጾታል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ «ዘላቂ» ይሻላል። «የማያቋርጥ» ክፍተት የሌለበትን ነገር ይገልጻል፤ የማያቋርጥ ዝናብ፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የማያቋርጥ ጩኸት እንደምንለው። እድገት ግን አንድ ዓመት ቀዝቀዝ ብሎ በሚቀጥለው ሊያንሠራራ ይችላል፤ ዋናው ቁም ነገር የመጪውን ትውልድ ሀብት ሳይጨርስ መዝለቁ ነው። በአንጻሩ ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦት የሚጽፍ ሰው «ዘላቂ ኃይል» ሲል መብራቱ እንዳይጠፋ ማለቱ ከሆነ ትክክለኛው ቃል «የማይቋረጥ» ነው። «ዘላቂ ኃይል» የሚባለው ምንጩ የማያልቅ፣ እንደ ውኃ፣ ነፋስና ፀሐይ ያለው ነው፤ እሱም ቢሆን መብራቱ አይጠፋም ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ቀጣይ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቀጣይ ሥልጠና» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው የሚቀጥለውን ሥልጠና ይሁን እየቀጠለ የሚሄደውን ሥልጠና ማወቅ አይችልም። የመጀመሪያው ከሆነ «የሚቀጥለው»፣ ሁለተኛው ከሆነ «ቀጣይነት ያለው» ወይም «ተከታታይ» ብሎ መለየት ይገባል።

አምስተኛ፦ መጨረሻ አለው ወይ?

መጨረሻ ለሌለው ነገር «ዘላለማዊ» አለ። ቃሉ ከግዕዙ «ዘለዓለም» የመጣ እንጂ ከ«ዘለቀ» ጋር ዝምድና የለውም፤ የፊደሉ መመሳሰል የአጋጣሚ ነው። «ዘላለም»ም «ዘለዓለም»ም ተብሎ ሲጻፍ ይታያል፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መጽናት ይበቃል። ቦታው የእምነት፣ የመታሰቢያና የስሜት ንግግር ነው፤ የዘላለም ሕይወት፣ ዘላለማዊ ክብር ለሰማዕታት። በቢሮ ሰነድ ውስጥ ቦታ የለውም። በሰው ዕድሜ የሚለካ ነገር ሲሆን «የዕድሜ ልክ» ይባላል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጽኑ እስራትን ከ1 እስከ 25 ዓመት አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን የዕድሜ ልክ ብሎታል። ለማይመለስ መለያየት ደግሞ ሕዝቡ «እስከ ወዲያኛው» የሚል አለው።

መጨረሻው በቁጥር የሚታወቅ ነገር ሲሆን ግን ከእነዚህ ቃላት አንዱንም አይጠቀሙ። የጤና ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በየቀኑ ይጋፈጡታል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፤ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ሁለቱም ግን ሴቲቱ በፈለገች ጊዜ የሚወጡ ስለሆኑ «የረጅም ጊዜ» መባል አለባቸው። «ቋሚ» የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚደረገው ነው። አንዲት እናት ክንዷ ላይ ስለሚቀበረው መከላከያ «ይኼ ቋሚ ነው» ወይም «ዘላቂ ነው» ቢነገራት ዳግመኛ እንደማትወልድ ተረድታ ብትመለስ አይፈረድባትም። «3 ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ በፊትም ይወጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ቅጽል ይበልጣል።

ስድስተኛ፦ ቅጽሉ በየትኛው ስም ላይ እንዳረፈ ይመልከቱ

ቃሉ በትክክል ተመርጦም ቦታውን ሊስት ይችላል። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ያጸደቋቸው 17 ግቦች በአማርኛ አንዴ «ዘላቂ የልማት ግቦች»፣ አንዴ «የዘላቂ ልማት ግቦች» እየተባሉ ይጻፋሉ። በመጀመሪያው አጻጻፍ «ዘላቂ» ያረፈው በ«ግቦች» ላይ ነው። ግቦቹ ግን በ2030 የሚያበቁ ናቸው፤ ዘላቂ እንዲሆን የተፈለገው ልማቱ ነው። ስለዚህ «የዘላቂ ልማት ግቦች» የሚለው ይመረጣል። የ«የ» ቦታ መቀየር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ተመሳሳዩ በአሜሪካው ግሪን ካርድ ላይ ይታያል። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት ይታደሳል፤ ቋሚ የሆነው ነዋሪነቱ ነው። «ቋሚ የመኖሪያ ካርድ» ከማለት «የቋሚ ነዋሪነት ካርድ» ማለት ይሻላል። ካርዳቸው ጊዜው ሲያልፍ ነዋሪነታቸውም ያለቀ መስሏቸው የሚጨነቁ ሰዎች አሉና የቃላቱ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ግሱን የሚገልጽ ቃል ሲያስፈልግ «በዘላቂነት» እና «ለዘለቄታው» አሉ። «በዘላቂነት» የሰነድ ቃል ነው፤ «ተፈናቃዮችን በዘላቂነት ማቋቋም» እንደሚባለው። «ለዘለቄታው» ግን የቤትም የአደባባይም ነው፤ ብዙ ጊዜ «ለጊዜው» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ይመጣል፦ «ለጊዜው ከዘመድ ቤት ይቆዩ፤ ለዘለቄታው ግን የራሳቸው ቤት ያስፈልጋቸዋል።» «ዘላቂነት ያለው» የሚለው ረጅም አገላለጽ ደግሞ «ዘላቂ» ከሚለው የተለየ ነገር አይናገርምና ቢታጠር ጉዳት የለውም።

ሰባተኛ፦ የአፍ አማርኛውን አይርሱ

ለዕቃ «ዘላቂ» የሚለው አይስማማም። ጫማ፣ ድስትና ጋቢ ይበረክታሉ፤ «ይህ ጫማ በርክቶልኛል» ይባላል እንጂ «ዘላቂ ጫማ» አይባልም። ምግብ ይቆያል፤ ቋንጣ ሳይበላሽ ይቆያል። ባትሪ ቶሎ አያልቅም። በሽታ ሥር ይሰዳል። ደንበኛና ተማሪ ነባር ይባላሉ። ጥንታዊ ቅርስ ዘመን ጠገብ ነው። የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሰዎች ለእያንዳንዱ ዕቃ «ዘላቂ» የሚል ቅጽል ሲለጥፉ ገዢው እንግዳ ነገር የሚሰማው ቋንቋው ለዚያ ነገር የተለየ ግስ ስላለው ነው።

ስምንተኛ፦ «ዘላቂ»ን ማስረጃ ይጠይቁት

የመጨረሻው ፍተሻ ቃሉ ከገባ በኋላ የሚደረግ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ዘላቂ» ካለ ምን ምን እንደሚፈትነውና በምን እንደሚያልፈው ከአጠገቡ መጻፍ አለበት። ለስደተኞች ጉዳይ የሚሠሩ ተቋማት «ዘላቂ መፍትሔ» ሲሉ ሦስት ነገሮችን ለይተው ነው፦ በፈቃድ ወደ አገር መመለስ፣ በተጠለሉበት አገር ከኅብረተሰቡ ጋር ተዋሕዶ መኖር፣ ወይም በሦስተኛ አገር መስፈር። ከሦስቱ የትኛው እንደታሰበ ያልጻፈ ሪፖርት ቃሉን ጠርቶ ይዘቱን ትቷል። የውኃ ፕሮጀክት «ዘላቂ» ከተባለም ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ጠጋኙ ማን እንደሆነ ይጠቀስ።

በውል ላይ ከሆነ ደግሞ «ዘላቂ»ን ጨርሶ ማውጣት ይመረጣል። የኪራይ ውል «ዘላቂ» ቢል አከራዩ 1 ዓመት፣ ተከራዩ 10 ዓመት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በቦታው ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ወይም «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው፣ አንዱ ወገን ውሉን ለማቋረጥ ሲፈልግም ስንት ቀን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይጻፍ።